ከበዓል ዶሮ ትራፊ የሚሠራ ነጭ ሾርባ

የፋሲካ ሌሊት ቅዳሴው ተፈጽሞ ሕዝቡ ወደየቤቱ ሲመለስ፥ 55 ቀን ከሥጋና ከወተት ተለይቶ የሰነበተው ቤተ ሰብ በዶሮ ወጥ ይፈስካል። ዶሮው በዋዜማው ታርዶ፥ በ12 ብልት ተከፍሎ፥ ሽንኩርቱ ለብዙ ሰዓት ተቁላልቶ፥ ወጡ ማታውን ተሠርቶ ያድራል። በብዙ የከተማ ቤትም ከወጡ ሌላ አንድ ዶሮ በአሮስቶ ወይም በቅቅል መልክ ይዘጋጃል። እሑድ ቀን ዘመድ ይጠየቃል፤ ጎረቤት ይጠራል፤ ገበታው እስከ ማታ ይቀርባል፥ ይነሣል። ሰኞ ጧት ግን በድስቱ ሥር ጥቂት ብልት፥ በሳሕን ላይ የአሮስቶው ግማሽ፥ በሌላ ዕቃም አጥንትና የተቀቀለ እንቁላል ተርፎ ይገኛል። ይህ ነገር በፋሲካ ብቻ ሳይሆን በእንቁጣጣሽ፥ በገና፥ በዒድና በሠርግ ቤትም የሚታይ ነው።

ይህን የተረፈ ምግብ ምን እናድርገው? አንዱ ይጥለዋል፤ ሌላው እስከ ረቡዕ ድረስ እያሞቀ ይበላዋል። ዶሮ በውድ ዋጋ የሚገዛ ስለ ሆነ መጣሉ ኪሳራ ነው፤ ያለ ጥንቃቄ አቆይቶ መብላቱ ግን ከኪሳራ የከፋ ነው። የዚህ ወር ትምህርታችን ሦስተኛውን መንገድ ያሳያል፤ ይኸውም የተረፈውን የዶሮ ሥጋና አጥንት በሰዓቱ ጠብቆ፥ በወተትና በዱቄት የወፈረ ነጭ ሾርባ መሥራት ነው። ሾርባው በርበሬ የሌለበት፥ ለስላሳና ገንቢ ስለ ሆነ፥ ከረጅም ጾም በኋላ ቅባትና ቅመም የበዛበት ምግብ ሆዳቸውን ለሚያውካቸው፥ ለአረጋውያን፥ ለልጆችና ከሕመም ለሚያገግሙ ሰዎች ይስማማል።

ነገር ግን አንባቢ ከመጀመሪያው ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የዚህ ሾርባ ሥራ የሚጀመረው በማግስቱ ሳይሆን በበዓሉ ዕለት ገበታው ሲነሣ ነው። በዚያች ሰዓት ያልተጠበቀ ሥጋ በማግስቱ በማናቸውም የወጥ ቤት ጥበብ መልካም ምግብ ሊሆን አይችልም።

የሁለት ጎረቤታሞች ምሳሌ

ነገሩን በምሳሌ እንግለጠው። በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት እመቤቶች እሑድ ቀን እንግዶቻቸውን በአንድ ዐይነት ምግብ አስተናገዱ እንበል። እንግዶቹ ሲሄዱ የመጀመሪያይቱ እመቤት ደክሟት ስለ ነበር፥ ድስቱን ከድና ፍሙ ጠፍቶ ሙቀቱ ብቻ በቀረበት ምድጃ ላይ አሳደረችው። ሰኞ ቀትር ላይ ምግቡን አሙቃ ስታቀርብ አረጋዊት እናቷ፥ «ልጄ፥ ይህ ከትናንት ጀምሮ እዚሁ የተቀመጠው አይደለምን?» ቢሏት፥ «እማዬ፥ አያስቡ፤ ደኅና አድርጌ አሙቄዋለሁ፤ ሽታውም አልተለወጠም» አለች። በዚያው ሌሊት እናቲቱንና የ4 ዓመት ልጇን ብርቱ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ያዛቸው። እርስዋ ራስዋ ጥቂት ሆዷን ቢያማት ነው እንጂ እንደ እነርሱ አልተጎዳችም፤ ምክንያቱም የሰውነት ውሃ ማለቅ ፈጥኖ የሚያጠቃው ሕፃናትንና አረጋውያንን ነው።

ሁለተኛይቱ እመቤት ደግሞ እንግዶቿ ገና ቡና ሲጠጡ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይታ፥ በዝርግ ዕቃ አድርጋ አቀዘቀዘችው። በማግስቱም ከዚያው ሥጋ ሾርባ ሠርታ ቤተ ሰቧን መገበች፤ የታመመም የለም። የሁለቱ ዶሮ ከአንድ ገበያ የተገዛ፥ ቅመሙም አንድ ነበር። የለያያቸው ዶሮው ከተነሣ በኋላ ያሳለፋቸው ሰዓቶች ናቸው።

የተረፈ ምግብ ስለምን ይበላሻል?

በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሐዋስያን በሰው እጅና በአፍንጫ፥ በአፈር፥ በውሃ፥ በጥሬ ሥጋና በዶሮ አንጀት ውስጥ ይገኛሉ። እነዚህም ሕይወት ያላቸው በመሆናቸው ምግብ፥ እርጥበት፥ ተስማሚ ሙቀትና ጊዜ ይፈልጋሉ። የበሰለ ዶሮ ምግቡንና እርጥበቱን ይሰጣቸዋል፤ እኛም ድስቱን በሞቀ ምድጃ ዳር ስንተወው ሙቀቱንና ጊዜውን እንጨምርላቸዋለን። ለመራባት የሚመቻቸው ሙቀት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ነው። ከ60 በላይ ሲሆን አይራቡም፤ ከ5 በታች ሲሆን አብዛኞቹ መራባታቸው እጅግ ይዘገያል እንጂ አይሞቱም። ስለዚህ ምግብ ወይ ትኩስ ወይ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀመጥ፤ ለብ ያለ ምግብ ግን የተሐዋስያን እርሻ ነው።

ብዛታቸው እንዴት እንደሚጨምር መምህራን በሰሌዳ ላይ ሊያሳዩ ይችላሉ። አንድ ተሐዋሲ በሚመች ሙቀት በየ20 ደቂቃው ለሁለት ይከፈላል ብለን ብናሰላ፥ በ1 ሰዓት 8፥ በ2 ሰዓት 64፥ በ4 ሰዓት 4,096፥ በ8 ሰዓት ደግሞ 16,777,216 ይሆናል። ፍጥነቱ እንደ ተሐዋሲው ዐይነትና እንደ ምግቡ ይለያያል፤ ነገር ግን ሒሳቡ የሚያስተምረን አለ። በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓቶች ጭማሪው ጥቂት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን ሊቈጠር የማይቻል ይሆናል። የተረፈ ምግብ በ2 ሰዓት ውስጥ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ይግባ የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ በሚሞቅባቸው ቆላማ ከተሞች ደግሞ ጊዜው 1 ሰዓት ብቻ ነው።

በዶሮ ምግብ ረገድ በተለይ የሚያስፈልገን ሦስት ዐይነት ተሐዋስያንን ማወቅ ነው።

አንደኛው፥ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የተባሉት ናቸው። እነዚህ ከጥሬው ዶሮ ጋር ይመጣሉ፤ ሥጋው እስከ ውስጡ በደንብ ሲበስልም ይሞታሉ። ይሁን እንጂ የበሰለው ሥጋ ጥሬው በተከተፈበት መክተፊያ ላይ እንደ ገና ከተከተፈ፥ ዳግመኛ ወደ ምግቡ ይገባሉ።

ሁለተኛው፥ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የተባለው ነው። ይህ ክፉ ጊዜ ሲመጣበት ጠንካራ ሽፋን ለብሶ ፍልን ይቋቋማል። ትልቅ ድስት ቀስ እያለ በሚበርድበት ጊዜ ከሽፋኑ ወጥቶ እጅግ ፈጥኖ ይራባል። ምግቡን የበላው ሰው ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ቁርጠትና ተቅማጥ ይይዘዋል። የመጀመሪያይቱን እመቤት ቤት የጎበኘ በሽታ ይህን የሚመስል ነው።

ሦስተኛው፥ ስታፊሎኮከስ የተባለው ነው። ይህም በሰው አፍንጫ፥ በቆዳና በሚመግል ቁስል ላይ ይገኛል። ሥጋውን በእጁ የሚፈለፍል ሰው እጁን ካልታጠበ ወይም ቁስሉን ካልሸፈነ ወደ ምግቡ ያስተላልፈዋል። ምግቡ ከዚያ በኋላ ሳይቀዘቅዝ ከቆየ ተሐዋሲው መርዝ ያወጣል፤ ተሐዋሲው ራሱ በፍል ቢሞትም መርዙ አይጠፋም።

ልማዳዊ አስተያየትና እውነቱ

«በርበሬና ቅቤ ያለበት ወጥ አይበላሽም» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እውነት ነው፥ ጨውና ቅመም የአንዳንድ ተሐዋስያንን እድገት ያዘገያሉ፤ ቅቤውም ከላይ ተንሳፍፎ ወጡን ይሸፍናል። ነገር ግን ከሥጋው ውስጥና ከመረቁ ሥር ያለውን አያግዱትም። በወጥ ውስጥ ያለው ጨውና ቅመም ለጣዕም እንጂ እንደ ቋንጣ ለማቆየት የተመጠነ አይደለም።

«ካልሸተተ ደኅና ነው» የሚለውም አያስተማምንም። ምግብን የሚያሸትቱትና የሚያሻግቱት ተሐዋስያን ሌሎች ናቸው፤ ሰውን የሚያሳምሙት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሽታንም ጣዕምንም አይለውጡም። ስለ ሆነም የተጠራጠሩትን ምግብ ቀምሶ መፈተን አይገባም።

«ዶሮውን በሎሚና በጨው ደጋግመን ስላጠብነው ንጹሕ ነው» የሚባለው ደግሞ ስለ ጥሬው ዶሮ ነው። ሎሚ ሽታን ያስወግዳል፤ ተሐዋስያንን የሚገድለው ግን ሙቀት ነው። ጥሬ ዶሮ በብዙ ውሃ ሲለቃለቅ የሚረጨው ጠብታ መክተፊያውን፥ ሳሕኑንና የሰላጣውን ቅጠል ሊበክል ይችላል። ልማዳችንን የምንከተል እንደ ሆነ፥ እጥበቱ ሌላ ምግብ በሌለበት ቦታ በሰፊ ሳፋ ውስጥ በቀስታ ይደረግ፤ ከዚያም ሳፋው፥ ቢላዋው፥ መክተፊያውና እጃችን በሳሙና ይታጠቡ።

በበዓሉ ዕለት የሚደረግ ጥንቃቄ

ስለዚህ ሾርባ ለመሥራት ያሰበ ሁሉ የሁለተኛይቱን እመቤት ሥርዓት ይከተል። ሥርዓቱም የሚከተለው ነው።

ሀ) ምግቡ ከምድጃ የወጣበት ሰዓት ይታወቅ። ለገበታው የሚበቃው ብቻ ይቅረብ፤ የቀረው በምድጃው ላይ በእውነት እንደ ጋለ ይቈይ፥ ወይም ወዲያው ይቀዝቅዝ።

ለ) ሰው በእጁ የነካው፥ በገበታ ላይ የተጎረሰበት ትራፊ ከንጹሑ ጋር አይቀላቀል። ለሾርባው የሚሆነው በሳሕን ወይም በድስት ሳይነካ የተረፈው ነው።

ሐ) እጅ ቢያንስ ለ20 ሴኮንድ በሳሙና ከታጠበ በኋላ ሥጋው ከአጥንቱ ይፈልፈል። ሥጋውና አጥንቱ በየዕቃቸው ይቀመጡ።

መ) ትልቅ ድስት እንደ ሞላ ወደ ማቀዝቀዣ አይግባ፤ መካከሉ ለብዙ ሰዓት ሳይበርድ ይቈያልና። ይልቁንም ምግቡ ከ5 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት በዝርግ ዕቃዎች ይከፋፈል። ዕቃዎቹ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ቢቀመጡና ውሃው ቢለዋወጥ ቶሎ ይበርዳሉ። ከዚያም ከዝንብ ተሸፍነው ፍሪጅ ውስጥ ይግቡ።

ሠ) በፍሪጅ ውስጥ የበሰለው ምግብ ከላይ፥ ጥሬው ሥጋ ከታች ይቀመጥ፤ የጥሬው ደም በበሰለው ላይ እንዳይንጠባጠብ ነው።

በፍሪጅ ውስጥ በሚገባ የቀዘቀዘ የዶሮ ሥጋ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቈያል። መብራት የጠፋ እንደ ሆነ በሩ ሳይከፈት ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይጠብቃል፤ ከዚያ በላይ የቈየ ሥጋ አይበላ።

ፍሪጅ በሌለበት ቤት ከሁሉ የሚሻለው ዶሮውን በልክ ማብሰል ነው፤ የተረፈውንም በ2 ሰዓት ውስጥ ሾርባ አድርጎ በዚያው ማታ ትኩሱን መጨረስ፥ ወይም ለጎረቤት በጊዜው ማካፈል ይገባል። ሳይቀዘቅዝ ያደረውን ግን «ያሳዝናል» ብሎ ለልጅም ሆነ ለሠራተኛ መስጠት አይገባም፤ ለእኛ የማይሆን ምግብ ለማንም አይሆንምና።

የጾም ቀን ያለበትን ሳምንት በተለይ ማሰብ ያስፈልጋል። በበዓለ ኀምሳ ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾሙ የፋሲካ ትራፊ በተከታታይ ሊበላ ይችላል። ከዚያ ወቅት ውጭ ያለ በዓል ግን በማክሰኞ ወይም በሐሙስ የዋለ እንደ ሆነ፥ ማግስቱ ጾም በመሆኑ ድስቱ አንድ ቀን ሙሉ የሚያየው ሳይኖር ይውላል። እንዲህ ያለ በዓል ሲመጣ የሚሠራው ምግብ መጠን አስቀድሞ ይታሰብበት።

ለ6 ሰው የሚያስፈልጉ ነገሮች

የአንድ ዶሮ አጥንት፤
ከአጥንቱ የተፈለፈለ የዶሮ ሥጋ፥ ከ300 እስከ 400 ግራም፤
ውሃ፥ 2 ሊትር፤
ወተት፥ ግማሽ ሊትር፤
ለጋ ቅቤ፥ 4 የሾርባ ማንኪያ፤
የፉርኖ ዱቄት፥ 4 የሾርባ ማንኪያ፤
ቀይ ሽንኩርት፥ 1 ራስ፤
ባሮ ሽንኩርት፥ 1 እግር፤
ካሮት፥ 2፤
መካከለኛ ድንች፥ 2፤
ነጭ ሽንኩርት፥ 2 ፍንካች፤
ጨውና የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ፥ በመጠኑ።

ለዚህ ሾርባ ከሁሉ የሚሻለው የአሮስቶ ወይም የቅቅል ዶሮ ነው። ከወጥ ውስጥ የወጣ ብልትም ሊሆን ይችላል፤ ቁሌቱ በሙቅ ውሃ ተለቅልቆ ከወጣለት በኋላ ሥጋው ይፈልፈላል። ነገር ግን ቅመሙ ወደ ሥጋው ስለ ዘለቀ ሾርባው ጥቂት ይቀላል፥ ያቃጥላልም፤ ስለዚህ ለጤነኞች እንጂ ለሕመምተኛና ለሕፃን አይቅረብ። በቤቱ ውስጥ በሽተኛ ወይም አረጋዊ ያለ እንደ ሆነ፥ ወጡ ሳይሠራ በፊት ጥቂት ሥጋና አጥንት በጨው ብቻ ተቀቅሎ ቢለይ መልካም ነው።

አሠራር

1ኛ. አጥንቱ በቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ተጨምሮ ይጣድ። ሲፈላ የሚወጣው አረፋ በጭልፋ ይገፈፍ። ከዚያ እሳቱ ቀንሶ ለ1 ሰዓት ተኩል ያህል በዝግታ ይንተክተክ። በኀይል የፈላ እንደ ሆነ ቅባቱ ከውሃው ጋር ተደባልቆ መረቁ ይደፈርሳል።

በዚህ ላይ አንድ የተፈጥሮ ትምህርት አለ። ውሃ በባሕር ወለል 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በምትገኘው በአዲስ አበባ ግን የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለ ሆነ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ስለ ሆነም በደጋ አገር አጥንትና ድንች ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋሉ። ቢሆንም ይህ ሙቀት የበሰለ ሥጋን ለማሞቅ ከሚያስፈልገው 74 ዲግሪ በላይ በመሆኑ፥ ምግቡ በእውነት እስከ ፈላ ድረስ ከፍታው አያሰጋም።

2ኛ. መረቁ በማጥለያ ተጠልሎ አጥንቱ ይጣል። ትንንሽ ስንጥር በሾርባው ውስጥ ቀርቶ ልጅን እንዳያንቅ በጥንቃቄ ይታይ። ከ2 ሊትር ውሃ 1 ሊትር ከሩብ ያህል መረቅ ይገኛል፤ ካነሰ የፈላ ውሃ ይጨመርበት።

3ኛ. በደቃቁ የተከተፈው ካሮትና ድንች በመረቁ ውስጥ ገብቶ እስኪለሰልስ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይቀቀል።

4ኛ. በሌላ ብረት ድስት ቅቤው በለዘብተኛ እሳት ይቅለጥ። ቀዩ ሽንኩርት፥ ባሮውና ነጭ ሽንኩርቱ ተከትፈው ሳይጠቁሩ እስኪለሰልሱ በዚህ ይቁላሉ። ከዚያ ዱቄቱ ተነስንሶበት በማማሰያ ሳያቋርጡ እየታሸ ለ2 ወይም ለ3 ደቂቃ ይብሰል። ይህ የሚደረገው የጥሬ ዱቄት ጣዕም እንዲጠፋና እያንዳንዱ የዱቄት ቅንጣት በቅቤ ተሸፍኖ እንዳይጓጉል ነው። ዱቄቱ መጥቈር የለበትም፤ ከጠቈረ ሾርባው ነጭነቱን ያጣል።

5ኛ. ከትኩሱ መረቅ አንድ ጭልፋ ተቀድቶ በዱቄቱ ላይ ይጨመርና በደንብ ይታሽ። እንደዚሁም ሁለተኛና ሦስተኛ ጭልፋ ይጨመር፤ ለስላሳ ሲሆን ሁሉም ከመረቁና ከአትክልቱ ጋር ይቀላቀል። ለ10 ደቂቃ ሲንተከተክ በዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች ውሃ መጥጦ ያብጣልና ሾርባው ይወፍራል።

6ኛ. በደቃቁ የተከተፈው የዶሮ ሥጋ ይጨመርና ቢያንስ ለ5 ደቂቃ በደንብ ይፍላ። ሥጋው ከወተቱ በፊት የሚገባበት ምክንያት አለው። የተረፈ ሥጋ እስከ ውስጡ መጋል ይኖርበታል፤ ወተት ግን በብርቱ እሳት ብዙ ሲፈላ ከሥር ያርራል።

7ኛ. አስቀድሞ ለብቻው የፈላው ወተት እንደ ሞቀ ቀስ እየተባለ እየተማሰለ ይጨመር። ሾርባው እንደ ገና መፍላት ሲጀምር ይውጣ። ጨውና ቁንዶ በርበሬ በመጨረሻ ይጨመር።

ሾርባው ወዲያው በትኩሱ፥ ከተጠበሰ ዳቦ ጋር ይቅረብ።

ወተቱ እንደ አይብ የተቋጠረ እንደ ሆነ፥ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ወተቱ ውሎ መኮምጠጥ ጀምሮ ነበር፥ ወይ ሥጋው በሎሚ ታሽቶ በደንብ አልተለቀለቀም ነበር። ኮምጣጣ ነገር ወተትን ይቋጥራልና ሎሚ የሚወድ ሰው በሳሕኑ ላይ ለብቻው ይጨምር።

ስለ ወተቱ

ከላም በቀጥታ የመጣ ያልፈላ ወተት የነቀርሳንና ብሩሴሎሲስ የተባለውን በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ ወደ ሾርባው ከመግባቱ በፊት ይፍላ፤ «ከሾርባው ጋር ይፈላል» ተብሎ አይተው። ወተት የማይስማማው ሰው በወተቱ ፈንታ ሁለት ተጨማሪ ድንች ቀቅሎ አድቅቆ በመረቁ ቢበጠብጥ፥ ወይም ጥቂት የአጃ ዱቄት ቢጨምር፥ ሾርባው ወፍራምና ለስላሳ ይሆናል።

ሾርባው ለማን ይሰጣል?

የዶሮ ሥጋና ወተት ሰውነትን የሚገነባ ፕሮቲን ይሰጣሉ፤ ድንቹ፥ ዱቄቱና ቅቤው ኀይል ይጨምራሉ፤ ከካሮቱም ሰውነት ቫይታሚን ኤ ያዘጋጃል። አጥንቱ ብቻ የተቀቀለበት መረቅ ግን ጣዕም ቢኖረውም ምግብነቱ ጥቂት ነው። ስለዚህ ለሚያገግም ሰው መረቁ ተጠልሎ ሥጋው ለሌላ አይሰጥ፤ ብርታት የሚሰጠው በይበልጥ ሥጋው ነው።

ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከ6 ወር በላይ ለሆነው ሾርባው ጨውና ቁንዶ በርበሬ ሳይገባበት ተቀንሶ፥ ሥጋውና አትክልቱ በደንብ ተድቅቆ በንጹሕ ማንኪያ ይሰጥ። ተቅማጥ ለያዘው ሰው ደግሞ ሾርባ የኦ.አር.ኤስ.ን ቦታ አይተካም፤ የጠፋውን ውሃና ጨው ለመመለስ ዱቄቱ በፓኬቱ ላይ በታዘዘው ልክ በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ይጠጣ። ሰገራው ደም ያለበት፥ ብርቱ ትኩሳት የያዘው፥ የጠጣውን ሁሉ የሚያስመልስ፥ ሽንቱ ያነሰ ወይም ዓይኑ የጎደጎደ በሽተኛ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ሾርባውም ሲተርፍ

ሾርባው ራሱ የተረፈ እንደ ሆነ፥ ከትራፊ የተሠራ በመሆኑ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በ2 ሰዓት ውስጥ በዝርግ ዕቃ ይቀዝቅዝ፤ ቀኑም የሚቈጠረው ሾርባው ከተሠራበት ሳይሆን ዶሮው ከበሰለበት ዕለት ነው። እሑድ የበሰለ ዶሮ ሰኞ ሾርባ ቢሆን ከረቡዕ አይለፍ። ሲሞቅም ለአንድ ጊዜ የሚበላው ብቻ ተቀንሶ እየተማሰለ ይፍላ፤ ዳርዳሩ ብቻ ፈልቶ መካከሉ ለብ ያለ ሾርባ አልሞቀም። ከሞቀው የተረፈው ዳግመኛ አይመለስ።

ለመምህራን

የዓለም የጤና ድርጅት በ2001 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ለምግብ ጥንቃቄ አምስት ደንቦችን አውጥቶ አሰራጭቷል። እነርሱም ንጽሕናን መጠበቅ፥ ጥሬውን ከበሰለው መለየት፥ ምግብን በደንብ ማብሰል፥ ምግብን በተገቢው ሙቀት ወይም ቅዝቃዜ ማስቀመጥ፥ ንጹሕ ውሃና ጤናማ ጥሬ ዕቃ መጠቀም ናቸው። ተማሪዎች ከዚህ ሾርባ አሠራር ውስጥ እያንዳንዱ ደንብ የት እንደሚገኝ እንዲፈልጉ ቢደረግ፥ ትምህርቱን በቃል ከማጥናት ይልቅ በሥራ ያውቁታል።

በተጨማሪም የሚከተሉት ጥያቄዎች ለመልመጃ ይሁኑ።

1. አንድ ተሐዋሲ በየ20 ደቂቃው ቢከፈል በ6 ሰዓት ስንት ይሆናል?
2. የፈላ ወጥ ከድኖ በለብታ ማሳደር ስለምን ያሰጋል?
3. ተሐዋሲው ሞቶ መርዙ ሊቀር የሚችለው በየትኛው ዐይነት ነው? መከላከያውስ ምንድር ነው?
4. በአዲስ አበባ ድንች ከባሕር ዳርቻ ከተማ ይልቅ ዘግይቶ የሚበስለው ስለምንድር ነው?
5. በቤታችሁ የበዓል ምግብ ከተነሣ በኋላ የት ይቀመጣል? ለስንት ሰዓትስ ይቈያል?

አምስተኛውን ጥያቄ ተማሪው ከእናቱና ከአባቱ ጋር ተነጋግሮ መልሱን ቢያመጣ፥ ትምህርቱ ከሰሌዳው አልፎ እስከ ወጥ ቤቱ ይደርሳል። የበዓል ደስታ በሕመም እንዳይደፈርስ፥ አረጋውያንና ሕፃናትም ከበዓል ማግስት በአልጋ ላይ እንዳይውሉ የሚያስፈልገው ገበታው ሲነሣ ሰዓትን መመልከት፥ እጅን መታጠብና ድስቱን ማከፋፈል ነው። አበው እንዳሉት፥ ከታመሙ በኋላ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ።